ለኤይናር ጠመንጃ አፈሙዝ ፍለጋ

ማርች 4

ዝናብ። የአጃ ዳቦ ጋገርኩ፣ ትንሽ አረረብኝ። ውሻችንን ሶፉስን ባህሩ ዳር ድረስ ይዤው ወጣሁ። ዳክዬ ባየ ቁጥር ዞር ብሎ ያየኛል… ተኳሹስ የት አለ የሚል ይመስላል። ተኳሹማ ቤት ነው፣ ወንበሩ ላይ። ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ግን አያነብም።

ኤይናር ከጃንዋሪ ወዲህ እንዲህ ሆኗል። የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሲል ሸምበቆው ውስጥ ተደናቅፎ ወደቀ። የጠመንጃው አፍ ጭቃ ጎረሰ። ልብ ሳይል ተነሥቶ ተኮሰ። ከሁለቱ አፈሙዞች የግራው ጫፉ ላይ አብጦ ተሰነጠቀ። እሱን አልነካውም፣ ተመስገን። ግን የአባቱ ጠመንጃ ነው። ካገባሁት ጀምሮ ሌላ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ሲያስደግፍ አይቼ አላውቅም።

እራት ላይ "አፈሙዝ ይቀየራል እኮ" አልኩት።

"ተይው ቦዲል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ድንቹን ሲቆርጥ ቢላዋው ሳህኑን ይመታል… እጁ ነው። ሐኪሙ ባለፈው ክረምት ይብስበታል ብሎናል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆነን በላን።

ማርች 6

እኔ ግን አልተወውም።

ማርች 11

ጠመንጃ ሠሪው ፕሬበን ዘንድ ሄድኩ። የተሰነጠቀውን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

"አፈሙዝ ቦቲ ጫማ መሰለሽ እንዴ፣ ቁጥር አይተሽ የምትገዢው? እያንዳንዱ ለራሱ ጠመንጃ ተሞርዶ ነው የሚገጠመው።"

"አዲስ ማሠራትስ?"

"እሱንማ ከቻልኩ ኤይናርንም አብሬ አዲስ አድርጌ እሠራልሻለሁ!"

አልሳቅኩም። ፊቱ ቀላ፣ ይቅርታ አለ። ከዚያ ደግ ሆነ። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው አለ፦ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ያው ስሪት፣ ሰደፉ ተሰብሮ አፈሙዙ ግን ደህና የሆነ ጠመንጃ ማግኘት። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። "አንቺ ፈልጊ፣ ፈቃዱን እኔ አወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ጥላሸትና ሞረድ ነው።"

ማርች 29

አላገኘሁም። ኦልቦርግ ከተማ ደወልኩ። ቪቦርግ ደወልኩ። አንዱ ቀጭን አፈሙዝ ሊሸጥልኝ ፈለገ፣ ሌላ ጥይት የሚበላ። አንዱ ደግሞ "እመቤቴ፣ አዲስ ይግዙለትና ይገላገሉ" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኤይናር ከወንበሩ ሆኖ "አንቺ ሴትዮ፣ ስልኩ ጆሮሽ ላይ በቀለ እንዴ?" አለ።

ቀለደ! ከጃንዋሪ ወዲህ የመጀመሪያው። ደስታዬን የት ላድርገው? ያልሰማሁ መስዬ ሌላ ቁጥር መታሁ።

ኤፕሪል 17

ተገኘ!

ወደ ሰሜን ዳር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት። ጉድሩን ይባላሉ። የሟች ባላቸው ጠመንጃ ነው፤ በራሱ ትራክተር ሰደፉ ላይ ሄዶበት ነበር። አፈሙዙ ግን መስታወት ነው። ኮምጣጣ የሩባርብ ተክል ኬክ ቆርሰው ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ባልሽ በሕይወት አለ?"

"አዎ፣ አለ።"

"ታዲያ ለምን ራሱ አልመጣም?"

ምን ልበላቸው… "እጁ…" ብዬ ቀረሁ። "ገባኝ፣ ገባኝ፣ ብዪ ኬኩን" አሉኝ። አፈሙዙን በሟቹ ሻርፕ ጠቀለሉት። ከመስጠታቸው በፊት አፉን አሸተቱት፣ ረዘም አድርገው። ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

መንገዱን ሁሉ መኪና ውስጥ ስዘፍን መጣሁ። ምን ነካኝ?

ኤፕሪል 22

ፕሬበን ዘንድ። ሊገጥም ትንሽ ይቀረዋል። መግጠሚያውን በኩራዝ ጥላሸት ይቀባል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ጥላሸቱ የተነካበትን ብቻ በሞረድ ይልሳል፣ እንደገና ይቀባል። ሳምንታት ይፈጃል አለ።

ከዚያ ሞረዱን አስቀመጠ። "የጫፉ ነገር አለ።"

እኔም አውቀዋለሁ። የአፈሙዙ ጫፍ ጠበብ ያለ ከሆነ ጥይቱ ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች ሰብስቦ ሩቅ ያደርሳል። ሰፋ ያለ ከሆነ ቅርብ ላይ ይበትናል፤ በደንብ ያላነጣጠረ ተኳሽም ይመታበታል። የኤይናር የድሮው በጣም ጠባብ ነበር። ሩቅ ከፍ ያለችውን ዳክዬ አውርዶ ነው ስም ያወጣው። የጉድሩን ባል አፈሙዝም እንደዚያው ጠባብ ነው።

"አሁን እውነቱን ንገሪኝ ቦዲል። ከሩቅ ይመታል?"

ውሻ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። የወደቀችውን የማውቅ እኔ፣ ያልወደቀችውንም የማውቅ እኔ። ባለፈው መኸር "ቆስላ ሸምበቆ ውስጥ ገባች፣ ላኪው" ይለኛል። እልካለሁ። ሶፉስ ባዶ አፉን ይመለሳል። "አጣት" እላለሁ። አንዲትም አልወደቀችም ነበር።

"ቅርብ ካልሆነ አይመታም" አልኩት። ባሌን ያማሁ ያህል ፊቴ ጋለ።

"እንግዲያው ሁለቱንም ጫፎች ሰፋ አድርጌ ልክፈታቸው። አንዴ ከተሞረደ ግን አይመለስም። ለብረት ፍሬው ሲባል ነው በዪው።"

ግማሽ እውነት ነው። የእርሳስ ፍሬ ከተከለከለ ወዲህ የምንተኩሰው ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ በጠባብ ጫፍ ማለፍ አይወድም። ክፈተው አልኩ።

ሜይ 30

ፕሬበን ደወለ፦ "ወረቀት አታስገቢበትም፣ እንደዚያ ነው የገጠመ።" ኤይናር ምን አለሽ ሲለኝ ምንም አልኩት። ይየው፣ ራሱ ይየው።

ጁን 14

አፈሙዙን ይዤ ገባሁ፤ ኤይናር ሻርፑን ፈታ። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ይዞ ውስጡን አየ። "ደህና አድርጎ ይዞት ነበር ሰውየው" አለ። ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተ። ያንን ሳንቲም እንዴት ረሳሁት? አሮጌ ሃያ አምስት ኦሬ፣ ከገበያ ከወጣ የቆየ። እዚህ አካባቢ አንድ ያላስቀመጠ አዳኝ የለም። ጠባብ ጫፍ ላይ ሳንቲሙ ቁጭ ይላል፣ አይገባም። የኤይናር ላይ ዕድሜ ልኩን ቁጭ ብሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየበት ነበር።

አፈሙዙን ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ሳንቲሙን በቀኙ ላይ ሊያደርግ እጁ እምቢ አለው። ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ልረዳው አልደፈርኩም። በሦስተኛው ተሳካለት… ሳንቲሙ ገባ። ታች ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። በግራውም ሞከረ። ገባ።

"ሁለቱም?"

"ለብረቱ ነው እኮ… ፕሬበን…"

"ቦዲል። ለብረቱ ይህን ያህል አይከፈትም።"

የወደቀውን ሳንቲም አንሥቼ ሰጠሁት።

"ማን ነው የነገረው?"

"እኔ ነኝ።"

ቢቆጣ ምን ነበረበት! አልተቆጣም። ሳንቲሙን ወደ መሳቢያው መለሰና ሄዶ ተኛ፣ ገና ፀሐይ ሳለ።

ጁን 15

ቁርስ ላይ ራሱ ጀመረው።

"ያን ቀን አፈሙዙ ሲፈነዳ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ተመስገን ነው ያልኩት። አበቃ፣ ሰበብ አገኘሁ አልኩ።"

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። "ታዲያ ከማርች ጀምሮ ስባዝን ዝም ብለህ ታየኛለህ?"

"ስትባዝኚ ታንጎራጉሪያለሽ። ሐኪሙ ከነገረን ወዲህ ስታንጎራጉሪ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዴት ብዬ ተይ ልበልሽ?"

ለእሱ መስሎኝ ነበር። እየሮጥኩ ያለሁት ለእሱ መስሎኝ…

"የታመመው አንድ እጅህ ነው፣ ሰፊ አፈሙዝ አደረግንለት እኮ" አልኩት። አሁንም እከራከራለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ያኔ ነገረኝ። ሲወድቅ የጠመንጃው አፍ ወደ ጭቃው ከመግባቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እኔና ሶፉስ ፊት ፊቱ እየሄድን ነበር። ጣቱ ቃታው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ አላዘዘውም፣ ግን እየተንቀጠቀጠ። ይህንን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የተቀመጠው።

"ሸምበቆው ውስጥ ከፊቴ የምትሄጂው አንቺ ነሽ" አለ። "በየትኛውም አፈሙዝ አልችልም።"

ጁን 16

ሲያልቅ አያምር። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። ምሳ የሠራው እሱ ነው።

ኦገስት 9

የአደን ፈቃዱን አላሳደሰም። ጠመንጃውን ግን ዘይት ቀባሁት፣ እሱ እየነገረኝ። ፕሬበን ልፋቱ ከንቱ በመቅረቱ ቅር ይለው ይሆን ብዬ ነበር። "እንዲህ የገጠመ ሠርቼ አላውቅም" ብቻ አለ።

ሴፕቴምበር 1

የአደን መክፈቻ። ጎህ ሲቀድ ተኩሱ ከባህሩ ጀመረ። ወጥ ቤት ተቀምጠን ሰማነው። ሶፉስ በሩን ይቧጭራል።

"ውሰጂው፣ አዳኞቹ ውሻ ያስፈልጋቸዋል" አለ።

"አንተስ?"

"እኔ ሄሪንግ ዓሣዬ አለኝ። ሂጂ በይ።"

ሄድኩ። ጎረቤታችን ኬል ከሩቅ ሲያየኝ "የት አለ ያ ሽማግሌ? እንቅልፍ ጣለው?" ብሎ ጮኸ። ኤይናር ከእንግዲህ አይተኩስም አልኩት። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ኬል ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

ሲያበቃ እንደ ልማዱ ዳክዬዎቹን ሣሩ ላይ በረድፍ አስተኝተው ጥሩንባ ተነፋ፣ ሁሉም ተሰልፎ ቆመ። በኬልና በወንድሙ መካከል አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ትተዋል። የኤይናር ነው። እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ቤት ስገባ ሄሪንጉን አልነካውም። ቦት ጫማዬን ሳላወልቅ "ተራ በተራ ንገሪኝ" አለ። ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ማን ተኮሰ፣ ወዴት ወደቀች፣ ሶፉስ እንዴት ዋኝቶ አመጣት። መጨረሻ ላይ አንዲት ከሸምበቆው እግራችን ሥር ተነሥታ፣ ዝቅ ብላ በረረች፣ ማንም አልደረሰባትም አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። "ቅርብ ነበረች?"

"በጣም ቅርብ።"

"እመታት ነበር?"

"ትመታት ነበር። በዚያ በሰፊው አፈሙዝ፣ እንዴት አድርገህ!"

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን እጄ ላይ ጣለ፣ እስኪጨልም አላነሣውም።

እንደዚያ ያለች ዳክዬ አልነበረችም። ዛሬ ሁሉም ከፍ ብለው፣ ርቀው ነው ያለፉት።