የአርባ ሰከንድ እጆች

የካቲት 4

ማሞቂያው ዛሬም እምቢ አለ። ካፖርቴን ሳላወልቅ የትምህርት ቤቱን ፊልም ስቆራርጥ ዋልኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ እኩል ያስተምራል፣ ነው ነገሩ። የፊልሙ ዳይሬክተር (ከኋላው ጥድፊያ ነው የምንለው) ግድግዳው ላይ ዝርዝር ለጥፏል። የከተማ ልጅ፣ የገጠር ልጅ፣ ስደተኛ ልጅ፣ መስማት የተሳናት ልጅ። አንዱ በገባ ቁጥር ምልክት ያደርጋል። ገበያ የወጣ ነው የሚመስለው።

የቀረችው የመጨረሻዋ ነበረች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በእጇ የምታወራ። እጇ ብቻ እንዲታይ ምስሉን አቀረብኩት፣ ትንሽ አዘገየሁት፣ ሙዚቃ አለበስኩት። በላዩ ላይ ተራኪው "ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" ይላል። አርባ ሰከንድ። ጥድፊያ አይቶ "ውይ! እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

የካቲት 6

ድምፅ ማስተካከል። ወገቤን አመመኝ። ሌላ ምንም።

የካቲት 9

የልጅቷ እናት የፈቃድ ወረቀት ልትፈርም መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ደስ ይላታል ብዬ አርባውን ሰከንድ ከፈትኩላት።

"ፊቷስ?" አለች።

"እጇ ሲያምር ጊዜ..."

"ያለ ፊቷ እኮ የምትለው በደንብ አይገባም። ለመሆኑ ምን እያለች እንደሆነ ታውቃላችሁ?"

አናውቅም። ሲቀረጽ አስተርጓሚ አልነበረም። ማንም አልጠየቀም። እኔስ? እኔም።

ሙሉውን ቀረጻ አወጣሁላት። የልጇን እጅና ፊት እያየች ተረጎመችልኝ። "መምህሬ ወደ ሰሌዳው ዞራ ነው የምታወራው። አፏን አላይም። ሰሌዳው ላይ ያለውን እገለብጣለሁ። ደብተሬ ሙሉ ነው። ምን እንደጻፍኩ ግን አላውቅም።"

ይሄንን ነው ሙዚቃ ያለበስኩት? አፈርኩ። እናትየዋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ያለችው ካልተነገረ አልፈርምም።"

የካቲት 10

ጥድፊያ አበደ።

"ለፊልሙ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ይሄን ሲሰማ ምን ይለናል? ሌላ ልጅ ፈልጊ!"

"ከየት? ከሱቅ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ።"

"እሷ ያለችው ካልገባ የእኔም ስም ከፊልሙ ይውጣ" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። በሩን በላዬ ጓ አድርጎት ወጣ።

የካቲት 12

እሺ አለ። አዝኖ አይደለም፣ ሌላ ልጅ ለመቅረጽ ጊዜ ስለሌለ ነው። ፊቷን መለስኩ፣ ፍጥነቱንም። ሙዚቃውንና ተራኪውን አወጣሁ። የምትለውን ከሥር ጻፍኩ። እናትየዋ መጥታ ሁለት ቃል አረመችልኝና ፈረመች። ጎሽ፣ አልኩ ለራሴ።

የካቲት 20

ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ታየ። መጋረጃ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከፊት ናት። እናትየዋ የሚባለውን በእጇ ልትነግራት ሞከረች... ጨለማ ነው፣ እጅ አይታይም። ተወችው።

የልጅቷ ተራ ደረሰ። መምህሯ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጭብጨባ። ጥድፊያ ሳይቀር።

መብራት ሲበራ ልጅቷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ምስጋና ነበር የጠበቅኩት፣ ጉድ እኮ ነኝ። ቶሎ ቶሎ በእጇ አወራች። እናቷን አየሁ።

"ሌሎቹ ልጆች ምን አሉ? ትልሻለች።"

ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፊልም። ከሥሩ የተጻፈለት የእሷ አርባ ሰከንድ ብቻ። እሱም እኛ እንዲገባን።

 

የካቲት 21

"አልቋል እኮ! አሁን ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ጥድፊያ። ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሬ የሚሉትን ሁሉ ከሥር እየጻፍኩ ነው። እስከ ምሳ ስድስት ደቂቃ። አርባ ስድስት ይቀራል።