«አለሁ» የሚባልበት መዝሙር

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? የሚስትህ ወገብ ተሻላት? የዲትሮይት ፋብሪካ ጭስ ያመጣብህ ሳልስ ለቀቀህ ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

እማማ ታወጣው የነበረውን፣ ሰው በስሙ የሚጠራበትን መዝሙር አትረሳውም። አውጪዋ ስም ጠርታ «አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይ?» ትላለች፤ የተጠራውም ተነስቶ «አለሁ» ይላል። እማማ ካረፈች ወዲህ አውጪዋ እኔ ነኝ። እኛ ጥቁሮችም እንደ ነጮቹ ለምርጫ እንመዝገብ ብለን በቤተ ክርስቲያናችን ስንሰበሰብ የምንጀምረው በእሱ ነው፤ ፍርሃታችንን የሚያስለቅቀን ሌላ ነገር የለንም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የወረዳው ፖሊስ አለቃ፣ የሸሪፉ ሰዎች የመጣውን ሰው ስም ሊጽፉ ደብተር ይዘው ገቡና ከኋላ ቆሙ። እኔ ሞኟ ፍርሃቱን ላስለቅቅ ብዬ መዝሙሩን አወጣሁና አፌ እንደለመደው አጎት ሆሴያ ፕራትን በሙሉ ስሙ ጠራሁት። ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳና «አለሁ ልጄ፣ የሌለው ጉልበቴ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ከኋላ እርሳስ ሲጫር ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ሬሳውን ከወንዝ አወጡት።

ወንድሜ፣ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሳጥብ፣ ጥጥ ስኮተኩት፣ «አለሁ ልጄ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል። ዞር ስል ማንም የለም። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ መዝሙር ሲጠፋ ሰዉም አንድ በአንድ ከስብሰባው ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ የአጎት ሆሴያ ሚስት ቬርሲ መጣች። ልትረግመኝ የመጣች መሰለኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ባሌን የገደለው ያንቺ አፍ ነው? ይህን ያህል ጉልበት ካለውማ ሸሪፉን ጥሪልንና እንገላገል» አለችኝ። ከዚያ «እሁድ ስሜን ጥሪ» አለች። እንቢ ብላት፣ «እዚያ ደብተር ላይ ብቻውን እንዲያድር አልፈልግም» አለችኝ።

ትናንት ጠራኋት። ሰዎቹ ከኋላ ቆመዋል። ቬርሲ ተነስታ «አለሁ» አለች፤ ግን አልተቀመጠችም። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ «አርዜላ ታተም፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ?» አለች። እማማም እኔም ሰው ስንጠራ ኖርን እንጂ የጠራን አልነበረም፤ በእኛ ደንብ አውጪዋን በስሟ የሚጠራት የለም። እንደምንም «አለሁ» አልኩ። እርሳሱ ተጫረ።

የአጎት ሆሴያ ድምፅ አሁንም አልተወኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ነበር። ነገ ለመመዝገብ፣ የምርጫው መዝገብ ወዳለበት ፍርድ ቤት እንሄዳለን። እፈራለሁ።

ሚስትህን እቀፍልኝ፤ ትልቁን ልጅህን፣ ጥርስ ያበቀለችውን ትንሿንም ሳምልኝ፤ አማትህን እጅ ንሳልኝ። የማንኛችሁንም ስም ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ እጄ የሰው ስም መጻፍ ስለፈራ ነው። የእኔንና የቬርሲን ግን እነዚያ ሰዎች ደብተራቸው ላይ አንዴ ጽፈውታል።

እህትህ፣ አርዜላ ታተም
ደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ፣ ሰኞ፣ ጁላይ 30 ቀን 1962