አንድ ጠብታ ደም አልነበረም

ሰኔ 3 ቀን፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ያው እንደምታውቀው ነው፤ ደረጃ ስትወርድ ታማርራለች፣ ስትወጣ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ዝም ትላለች። እኔም ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ከማሽኑ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ተውኩት። በስልክ ስናወራ አንተ "እሺ፣ እሺ" ትላለህ፣ እኔ ደግሞ የጀመርኩትን እውጠዋለሁ። ወረቀት "እሺ" አይልም።

ቃለ መጠይቅህን አይተነዋል። ከታች አዲስ የገባው ፋርማሲስት ነው ስልኩን ይዞ "የእናንተ ልጅ! የእናንተ ልጅ!" እያለ ደረጃውን በሩጫ የወጣው። እማዬ አልጋ ላይ ተደርድረን ሦስታችንም አየነው።

ሥራህን አልነካብህም። እንዲያውም ሥራህ በደንብ የገባኝ ያን ዕለት ነው። "የውጭ ቁስል በጨርቅ ይታሰራል፤ ሆድ ውስጥ የሚደማውን ግን በምን ታስረዋለህ?" አልክ። ደም የሚያረጋ መድኃኒት ዝም ብሎ በደም ሥር ቢሰጥ ጤነኛውንም ቦታ አርግቶ ልብና ሳንባን እንደሚዘጋ አስረዳህ። ሥጋ ሲቀደድ ግን ጤነኛ ሥጋ ላይ የማይገኙ ሞለኪውሎች እዚያው ቦታ ብቅ ይላሉ፤ አንተ የምትፈልገው እነሱን ነው፣ መድኃኒቱ እነሱን ይዞ እዚያው እንዲቀር። "የተጎዳ ሥጋ ይጣራል፤ የማንሰማው እኛ ነን" ስትል ፋርማሲስቱ "ወይ ጉድ!" አለ። ለዓመታት የሞከርከው ሁሉ ሳንባ ላይ እየተጣበቀ አይጦቹን እንደፈጀብህ፣ አሁን ግን አንዱ የተቀደደ ጉበት ላይ ብቻ እንደያዘልህ ስትናገር ፊትህ የልጅነት ፊትህን መሰለ። ደስ አለኝ። ይህን እወቅልኝ፤ እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ቃለ መጠይቁን የምታደርግልህ ሴትዮ "ለምን ይህን ሥራ መረጡ?" ብላ ጠየቀችህ።

"ታናሽ ወንድሜ እጄ ላይ ነው የሞተው" አልካት። "በታክሲ ወደ ሆስፒታል ስወስደው ቁስሉን በሁለት እጄ አፍኜ ይዤ ነበር። ደሙ በጣቶቼ መሃል ሲፈስ እስከ ዛሬ ይታወቀኛል።" እጆችህንም ገልብጠህ አሳየሃት።

ፋርማሲስቱ አይኑን ጠረገ። እማዬ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠች።

ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጠብታ ደም አልነበረም።

ማሙሽ ያን ቀን ከሥራ ጓደኛው ጋር ሊጠግኑት የወሰዱትን ፍሪጅ ከፎቅ ሲያወርዱ ነው እግሩ የከዳው። የፍሪጁ ጠርዝ ግራ ጎኑን መታው። ተነሳ፣ ሳቀ፣ ፍሪጁን አውርዶ ጨረሰ። ከዚያ እኔ ሱቅ መጥቶ ወረቀት የተደረደረበት ካርቶን ላይ ዘፍ አለና "ስንት ፍሪጅ ከሞት አስነስቼ፣ ፍሪጅ ይመታኛል? ውለታ ቢስ!" አለኝ። ሳቅን። ሸሚዙን ገልጬ አየሁት፤ ቆዳው እንኳን አልተላጠም። ትከሻዬን አመመኝ ሲለኝ ትከሻውን አሸሁለት። ትንሽ ቆይቶ "ብርድ ብርድ አለኝ" አለ። ውጭ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። ከንፈሩ ሲነጣ አየሁ። ልነሳ ሲል ጉልበቱ ታጠፈ።

ታክሲ ያስቆመችልን ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። "ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ሰፈሩን በጩኸት ታፈርሰዋለች" አለኝ። ቀጥሎ "ለወንድም ጋሼ ደውዪለት፣ እሱ እንዲህ ያለውን ያውቃል" አለ። ደወልኩ። ዘጋኸው። ደግሜ ደወልኩ። "ሙከራ ላይ ነኝ፣ በኋላ" የሚል መልእክት ላክህልኝ። "ምን አለ?" ሲለኝ "እየመጣ ነው" አልኩት። እሺ ብሎ አይኑን ጨፈነ።

ቀዶ ሐኪሙ ከውስጥ ሲወጣ ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር። "ጣፊያው ተሰንጥቋል" አለኝ። "ደሙ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው ያለቀው። ትከሻውን ያመመውም ከዚያ የመጣ ነው። ከውጭ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው የዚህ ነገር ክፋቱ።" ይህ ማንም የማያየው ደም ነው የአንተ ሥራ። አንተ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለህ። ለካሜራ ግን የሚታይ ደም አስፈለገህ።

ለቀብሩ "አይጦቹን ጥዬ መውጣት አልችልም፣ የዓመት ልፋት ነው" ብለህ ቀረህ። ይህን ለብዙ ጊዜ ይዤብህ ነበር፤ በኋላ ግን ተውኩት። ቢመጣስ አያስነሳው፣ እዚያ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ለሌላ ሰው ልጅ ይሆን ይሆናል፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የቀረ ሰው ይቅር ይባላል። ሳይኖር የነበረ ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ ደወልክ። ለሥራህ ሽልማት የሚሰጡህ ሰዎች እማዬን ሊቀርጹ እንደሚመጡ ነገርከኝ። "ትንሽ አዘጋጂያት። አንቺ ግን ባትቀርቢ ይሻላል፤ ነገሩ እንዳይንዛዛ ነው።"

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ አልነበርክም" አልኩህ።

"ሰው እንዲገባው ተብሎ እንዲህ ይነገራል" አልክ። "ዋናው ቁም ነገሩ ነው። ደግሞ ለማሙሽም ስም ነው።" ከዚያ ስብሰባ ገባህ።

ባለፈው ሐሙስ መጡ። ሶፋውን ገፉት፣ መጋረጃውን ሰበሰቡት፣ መብራት ተከሉ። እኔን ጥላሽ ይወድቃል ብለው ወደ ወጥ ቤቱ በር አስጠጉኝ። ጠያቂዋ ለስለስ ያለች ልጅ ናት፤ የእማዬን እጅ ያዘችና "እናቴ፣ ያን ቀን ከልጅዎ ጋር ማን ነበር?" አለቻት።

እማዬን ታውቃታለህ። ባለሱቅ መልስ አብልጦ ከሰጣት እዚያው ተመልሳ የምታስረክብ ሴት ናት። አሁን ታየኛለች፣ አሁን በእጇ ወደ እኔ ትጠቁማለች፣ ብዬ ጠበቅኩ።

"ትልቁ ልጄ ነው" አለች። "እጁ ላይ ነው ያረፈው።" አልተንተባተበችም። እንዲያውም ጨመረችበት፤ "ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ ነበር። እኔው ነኝ ያጠብኩት" አለች።

ልጅቷ አለቀሰች። ካሜራ የያዘው ልጅ ጎንበስ ብሎ የእማዬን እጅ ሳመ። እኔ ለእንግዶቹ ውሃ ቀዳሁ።

ሲሄዱ ሶፋውን ወደ ቦታው እየመለስኩ "እማዬ፣ እኔ አልነበርኩም?" አልኳት።

"አንቺማ ነበርሽ" አለችኝ። "እኔም አውቀዋለሁ፣ ፈጣሪም ያውቀዋል። እሱ ግን የትም አልነበረም። የትም ያልነበረ ልጅ ይዤ ልሙት?"

ከዚያ ጉልበቴን ቅቢልኝ አለች። ቀባሁላት።

ለሰዎቹ አልናገርብህም፤ አትስጋ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እሷ በስተርጅና ዋሾ እንዳትባል ነው። አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ ብቀር ያንቀኛል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዴ እንኳን "እንዴት ነበር?" ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሐኪሙ ምን አለ፣ ደም ተገኝቶ ነበር ወይ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ይህን ጠይቀሃል። እንዴት ነበር ግን አላልክም። እኔ እኮ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ እንዴት እንደቀለደ፣ በዚያ ፀሐይ እንዴት እንደበረደው፣ አንተን እንዴት እንደጠራህ ትሰማ ነበር። ለመዋሸት እንኳን የራሱን ሞት ይዘህ በዋሸህ። አንተ ግን የማናውቀውን የሌላ ሰው ሞት አምጥተህ ሰጠኸው።

መድኃኒትህ ይያዝልህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ጎኑን ተመትቶ እየሳቀ የሚነሳ የሰው ልጅ ሁሉ ይትረፍበት፤ እህቱም ትከሻውን ስታሽለት አትዋል። እጅህ አይዛል፣ ልፋትህ መና አይቅር፣ እንቅልፍም አይንሳህ። የመጨረሻውን አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የምመኝልህ፤ ዛሬ ግን ተመኝቼልሃለሁ።

እማዬ "ብርድ እንዳይመታው በይው" ብላለች። ለማን እንደምጽፍ አይታለች፣ ምን እንደምጽፍ ግን አልጠየቀችኝም። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

እህትህ