አማቴ ያቀበሉኝን ቴምር በተመለከተ

ሰኔ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቆቦ

ለተከበሩ ዶክተር አያሌው ገብረ ማርያም
የብሥራተ ጥበብ ኮሌጅ የኦንላይን ትምህርትና ፈተና ክፍል ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቢሮዎ ኢንተርኔት ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ ቆቦ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን፤ ረመዳንንም በሰላም ፈጽመናል። ዒዳችንም መልካም ነበር ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የእርስዎ ደብዳቤ በዋዜማው ስለ ደረሰኝ፣ በዓሉን ያሳለፍኩት «ፈተና ማጭበርበር» የሚለውን አንቀጽ ደጋግሜ በማንበብ ነው።

እኔ ሂባ በድረዲን ለአራት ዓመት ተኩል የኮሌጅዎ የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ፤ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ነበርኩ ብል ይሻላል መሰል። ሮቢት በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ ከቆቦ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ፣ ታናሿ ገና ጡት አልጣለችም። ባለቤቴ ኢብሮ ጎብዬ አካባቢ በሽንኩርት እርሻ ላይ የመስኖ ፓምፕ ስለሚጠብቅ አብዛኛውን ሳምንት እዚያው ያድራል። ልጆቼን ይዘው ያስተማሩኝ እናቱ ወይዘሮ አሚና ናቸው። ይህን የምዘረዝረው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ደብዳቤዎ «ሁለተኛዋ ግለሰብ» እያለ የሚጠራቸውን ሴት በስማቸው እንዲያውቋቸው ብዬ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ግን፣ ባለውለታዬን ያለ ምስጋና ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የቀጥታውን ትምህርት «ለሠራተኞች እንዲመች» በማለት ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት እኔ ከሮቢት በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሰውና በከረጢት መካከል ተጣብቄ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ እገኛለሁ። ኔትወርኩ ከሮቢት ስንወጣ ይጠፋና ቆቦ መግቢያ ላይ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት የአስተማሪዎቻችሁን ሰላምታና ስንብት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መሀሉም ጥሩ እንደነበር አልጠራጠርም።

2ኛ. የተማሪዎች ድጋፍ ስልካችሁን በተመለከተ፣ እስኪነሳ ስጠብቅ ስለሚያሰማኝ ሙዚቃ አመሰግናለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሰው አንስቶልኝ፣ ኢንተርኔት እንደተቋረጠብኝ ስነግረው፣ ቅሬታዬን በድረ ገጹ እንድልክ በትሕትና መክሮኛል።

3ኛ. ተፈታኝ «በሩ የሚዘጋ፣ ጸጥታ ያለበትና ሌላ ሰው የማይገባበት የጥናት ክፍል» ሊኖረው ይገባል ስለሚለው መመሪያችሁም አመሰግናለሁ፤ ሳነበው ቤቴን በአዲስ ዓይን አየሁት። አንድ ክፍል ነው፣ መሀሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ኔትወርክ የሚገኘው በመስኮቱ ሥር ባለው መደብ ላይ ብቻ ሲሆን፣ አማቴም የስግደት ምንጣፋቸውን የሚያነጥፉት እዚያው አጠገብ ነው። ሁለታችንም የምንፈልገው የሚሰማን ስለሆነ ለዓመታት ሳንጋፋ ኖረናል።

እንግዲህ ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ።

የመጨረሻው ፈተናዬ ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተመደበ። ሰዓቱ በረመዳን የምናፈጥርበት ሰዓት መሆኑን ጠቅሼ፣ ወደ ቀን እንዲዛወርልኝ በጽሑፍ ለመንኩ። «የፈተና መርሐ ግብር በግለሰብ ምክንያት አይለወጥም» የሚል መልስ መጣልኝ። በረመዳን የሚጾመው የራያ ሰው ሁሉ አንድ ግለሰብ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፈተናው በካሜራ እንደሚታይ፣ ሰው ድምፅ ማሰማት እንደሌለበት ለአማቴ ነገርኳቸው። ከእኔ የበለጠ ተጨነቁ። ልጆቹን ጎረቤት ሰደዱ፣ ዶሮዎቹን ከደጃፍ አባረሩ፣ መንገደኛ ሰላም ብሎ እንዳይገባ በሩን ገርበብ አደረጉ። ከዚያ ከመደቡ ጫፍ ላይ፣ ከእኔ አንድ ክንድ ራቅ ብለው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። በእኛ አገር ሰው ጭንቅ ሲይዘው ብቻውን አይተውም። ሴት ምጥ ላይ ስትሆን፣ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም፣ አንድ ሰው አጠገቡ ወይም ከደጅ ቁጭ ብሎ ዱአ ያደርግለታል። ፈተና የሚለው ቃል ለአማቴ ከእነዚህ የሚለይ ነገር አይደለም። ድምፅ አይሰማ ማለቴን ከሰው ጋር አታውሩ ማለት አድርገው ወሰዱት፤ ከአላህ ጋር መነጋገርም ክልክል ይሆናል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡት፣ እኔም ልነግራቸው አላሰብኩም። ስለዚህ በሹክሹክታ ዱአ ያዙ። አዛን ሲል ደግሞ ጾመኛ ማፍጠሪያውን ማዘግየት ስለሌለበት፣ ዓይኔን ከ23ኛው ጥያቄ ላይ ሳላነሳ እጄን ገልበጥ አድርገው አንዲት ቴምር መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። እኔም በላሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ ይህን እንዲህ ይተርከዋል፦ «በ34ኛው ደቂቃ ሁለተኛዋ ግለሰብ ከንፈራቸውን በማንቀሳቀስ መልስ ሲያቀብሉ ታይተዋል። በ41ኛው ደቂቃ ምንነቱ ያልታወቀ ትንሽ ጥቁር ነገር በእጅ አስተላልፈዋል። ተፈታኟም ማስረጃውን ውጣለች።»

ለትክክለኛነት ያህል፣ ማስረጃው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ፍሬው እስከ ፈተናው ማብቂያ ጉንጬ ውስጥ ነበር። ነገሩን በስልክ ላስረዳ ብዬ ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ ሙዚቃውን ሰማሁ። ከሥራ አስፈቅጄ ደሴ ወዳለው ወኪላችሁ ሄድኩ፤ ወኪሉም ጉዳዩ የኦንላይን ስለሆነ በአካል እንደማይታይ ገለጸልኝ። አማቴ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም። ስለ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ የተጠየቀውን ጥያቄ በሹክሹክታ መመለስ ከቻሉ፣ ክቡርነትዎ ጊዜ ሳያባክኑ እንዲቀጥሯቸው እመክራለሁ።

4ኛ. (ይህ ምስጋና አይደለም፤ ቁጥሩን የቀጠልኩት መመሪያችሁ ቅደም ተከተል ስለሚወድ ነው።) ከደብዳቤው ጋር «የእምነትና የይቅርታ ቅጽ» አያይዛችሁልኛል። ማጭበርበሬን ካመንኩና «ተባባሪዋ» በፊርማ ወይም በአሻራ ካረጋገጡ፣ የሁለት ዓመቱ እገዳ ተነሥቶ በመጪው መስከረም እንደገና እፈተናለሁ። ካላመንኩ ሁለት ዓመት። መሥሪያ ቤቴ የካርድ ክፍል አስተባባሪነቱን የሚሰጠው እስከ ሰኔ 30 ዲግሪውን ለሚያቀርብ ነው። ያን ቦታ የምፈልገው ለሹመቱ አይደለም፤ ቆቦ ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ሕፃኗን በቀን ብርሃን ጡት አጠባ ነበር። ቅጹን ብሞላም ባልሞላም ቦታው አምልጦኛል። የቀረኝ የአራት ዓመት ተኩሉ ድካም ብቻ ነው።

ኢብሮ ሞልተሽ ተገላገዪ አለኝ። አልፈርድበትም፤ ደክሞታል። አማቴ ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል በሰሙ ማግስት አውራ ጣታቸውን ዘርግተው መጡ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው። አሻራዬን ልስጥና አንቺ ትምርትሽን ጨርሺ» አሉኝ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሰው ፊት ዋሽተው አያውቁም፤ ለእኔ ሲሉ ሌባ ነኝ ብለው ሊያትሙ ተነሡ። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከሐዘን አይደለም፤ ከንዴት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አማቴ መስኮቱ ሥር አይቀመጡም። ኮምፒውተሩን ስከፍት ሕፃኗን አዝለው ወደ ጎረቤት ይወጣሉ፤ ምንጣፋቸውን ወደ ጓሮ ወስደዋል። ኮሌጅዎ በገዛ ቤታቸው እንግዳ አድርጓቸዋል። እኔን ቢያባርሩኝ ኖሮ ምናልባት እችለው ነበር። ይህን ግን አልችለውም፣ ይቅርም አልልዎትም።

ስለዚህ ቅጹን ሳልሞላው መልሼልዎታለሁ። የአሻራው ቦታ ባዶ ነው፣ ባዶም ሆኖ ይቀራል። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ወይ የጻፍኩትን መልስ አርሙልኝ፣ ወይ በአካል ጥሩኝና ፈትኑኝ። ደሴም ቢሆን፣ ቢሮዎም ቢሆን እመጣለሁ። በሩ የሚዘጋ ክፍል እርስዎ ዘንድ እንደማይጠፋ አምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ለዚህ ረጅም ደብዳቤ ስለሰዉ፣ ካልሰዉም ስላልሰዉ፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የክፍያ ደረሰኝ ሲሆን ፈጥኖ የሚያውቀኝ ኮሌጅዎ ሰው መሆኔንም እንዲያውቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሂባ በድረዲን
የመታወቂያ ቁጥሯ የታገደ ተማሪ

ግልባጭ፦
— ለተማሪዎች ድጋፍ ስልክ፣ የሚያነሳው ሰው ካለ
— ለደሴው ወኪል፣ በአካል ሊያየው ከተፈቀደለት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት አማቴን በዚያ ምሽት ምን ሲሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ለእኔ ያደረጉት ዱአ አጭር እንደነበር ነገሩኝ፣ እኔማ አጥንቻለሁና ብዙ አያስፈልገኝም ብለው። የቀረውን ሁሉ ያደረጉት ለእናንተ ነው፦ «የሚያስተምሯትን ሰዎች ጤና ስጥልኝ፣ ልጆቻቸውን አሳድግላቸው፣ ለሷም ልባቸውን አራራላት» እያሉ። ቅጂው በእጅዎ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርገው ያዳምጡት። በዚያ ምሽት በሹክሹክታ ሲታገዝ የነበረ ሰው ካለ፣ ክቡር ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት።