ከመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ውስጥ የወጣው ወረቀት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎስ እንዴት ሆነ? ጣቶችዎስ ብርዱን ቻሉት? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

አባባ፣ ሰሞኑን በጥረዛ ክፍላችን ጉድ ተገኘ። አንድ እጅግ ያረጀ የጸሎት መጽሐፍ ለእድሳት መጣልኝ። ሽፋኑን በእንፋሎት አለስልሼ ሳላቅቀው ካርቶን የመሰለኝ ነገር ተደራርቦ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። አንዱ የመድኃኒት ቅመማ ነው፤ ሌላው መዝሙር፣ ሌላው ለሹም የቀረበ አቤቱታ፣ ከሥር ደግሞ በቀለም የተሳለች ወፍ። ሳይንሱ፣ ሃይማኖቱ፣ ፖለቲካውና ጥበቡ ባንድ ሽፋን ውስጥ!

ምሁራን ተጠርተው መጡ። ከክፍላችን ኃላፊ ጋር ሆነው፣ ስደት የደረሰበት አንድ አማኝ ምስጢሩን እዚህ ሸሽጓል ብለው ደመደሙ፤ ግኝቱ ለሕዝብ የሚታይበት የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ሳይቀር በዚሁ ታተመ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። እርስዎ ሽፋን ለማጠንከር ያገኙትን ብጥስጣሽ ሁሉ ሲለጥፉ እያየሁ አይደል ያደግኩት? ይሄማ ውዳቂ ወረቀት ነው፣ ጠራዡ ካርቶን ቸግሮት ነው አልኳቸው። ኃላፊው ተኮሳትረው ኮንትራቴ በዚህ ወር እንደሚያልቅ አስታወሱኝ። እኔም ድርቅ አልኩ። እያወቅኩ ዝም ብል እጄን እንዴት አድርጌ አምነዋለሁ?

ማስረጃ አምጪ ስባል ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከቤት ስወጣ የሰጡኝን፣ በእጅዎ የጠረዙትን መዝገበ ቃላት ፊታቸው አስቀምጬ ሽፋኑን ከፈትኩት። ይቅር ይበሉኝ። እንዳልኩትም የቀን መቁጠሪያ ወጣ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ወጣ፣ የታላቅ ወንድሜ የሒሳብ ፈተና ከነዜሮው ወጣ፤ ምሁራኑ ሳይቀሩ ሳቁ። ሁሉም ለሽፋኑ ልክ ሲባል ጽሑፉ መሀል ለመሀል በቢላ ተቆርጧል።

ከሁሉ ሥር ግን አንድ ያልተቆረጠ ወረቀት ነበር፤ በአራት ታጥፎ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ሙጫ ነክቶት። የሥዕል ትምህርት ቤት እርስዎን እንደተቀበለ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው እኔ በተወለድኩበት ወር ነው።

ኃላፊው ፈገግ ብለው ይሄም ውዳቂ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ይሄ የተሸሸገ ነው አልኳቸው። የሚሸሽግ ሰው አጥፎ ያስቀምጣል እንጂ ቆርጦ አይጥልም፤ የእናንተዎቹን እዩዋቸው፣ መዝሙሩ ግማሽ ስንኝ ላይ ተጎምዷል፣ የወፏም አንገት የለም አልኩ። እያንዳንዱን አንስተው አዩ። ማስታወቂያው ታርሞ እንደገና እንዲታተም ተወስኗል፤ የኮንትራቴን ነገር ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ቢያሰናብቱኝም ያልኩትን አልመልሰውም።

መዝገበ ቃላቱን እንደነበረ ጠርዤዋለሁ። ደብዳቤውን ግን መልሼ አልለጥፈውም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አለማለትዎ አናዶኛል፤ ደግሞም አኩርቶኛል። ትምህርት ቤቱ ሳይገቡ ለምን እንደቀሩ ከአፍዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ ሰላም በሉልኝ፤ በፈተናው ስለሳቅን አይቀየመኝ። ታናሽ እህቴን ጉንጯን ሳሙልኝ። አክስቴ እግሯን ተሽሏት እንደሆነ ጻፉልኝ። እማዬን ጉልበቷን እስማለሁ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዬን የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት፤ አደራዎን አባባ፣ ስለ ወረቀቱ የጻፍኩት ላይ ሲደርሱ እንዳይዘሉባት።

ጠራዧ ልጅዎ
ከጥረዛ ክፍሉ፣ መስኮት ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
የካቲት 6 ቀን