አባትሽ ከሲኒማ ቤቱ አልወርድም ብሏል

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

የዓይኔ ብርሃን፣ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ትናንት ስትደውዪ «ደህና ነን» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ድምፅሽን ስሰማ ሆድ ስለባሰኝ ነው። ደህና አይደለንም። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ነርሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ሲኒማ ቤቱ ሊፈርስ ነው። አንቺ የደረስሽበት የሠርግ አዳራሽ ከሆነ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የእህል መጋዘን ነበር፣ አሁን ደግሞ የሶፋ ማከማቻ ነው። እኔና አባትሽ ስንሠራበት ግን ባለ ሁለት ሰገነት ነበር፤ ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ ጣራው በወርቅማ ቀለም የተሳለ። ሰው ጫማውን አስጠርጎ ነበር የሚገባው። እህሉ ሲገባ አባትሽ «አሁን የቀሩን ደንበኞች አይጦቹ ናቸው፣ እነሱም በነጻ ነው የሚገቡት» ይል ነበር።

መርሳቱ ከባሰበት ወዲህ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ፊልም ማጫወቻው ክፍል ይወጣል። ማሽኑ ከተነሣ ቆይቷል፤ እሱ ግን በትንሿ መስኮት ወደ አዳራሹ እያየ ይውላል። የሶፋ ነጋዴው ደግ ነው፣ ዝም አለው። ድሮ ደንባችን እንዲህ ነበር፦ ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እኔ ቦታ አስያዧ ከታች ሆኜ ባትሪዬን ብልጭ አደርግለታለሁ። ያንን ሳያይ አይወርድም፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው እንዳይቆለፍበት ነው። እስከ ሰሞኑ ድረስ በዚሁ ምልክት አውርጄ ቤት አስገባው ነበር።

ማክሰኞ ባበራ ባጠፋ ሳይወርድ ቀረ። ወጣሁ።

«አዳራሹ ባዶ ነው፣ እንሂድ» አልኩት።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ። «ይህን የምትነግረኝ አንዲት ቀጭን ልጅ አለች። እሷ ሳትመጣ ንቅንቅ አልልም።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ይቅርታዎን እማማ፣ ልጅቷን ያየ ሰው እንዲህ አይቀልድም።»

ከዚያ ወዲህ የሚያድረው እዚያው ነው። ምግብ ሳደርስለት እንደ እንግዳ ብድግ ብሎ ይቀበለኛል። ነርሷን ልሞክር ብዬ ባትሪዬን አስይዤ ከታች ባቆማት «ይቺ አይደለችም» አለ። የሕንፃው ጥበቃዎች ሊያወርዱት ሲመጡ የመስኮቱን ብረት ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ፤ እጁ ደማ። የአፍራሾቹ ፎርማን «እማማ፣ እኔም አባት አለኝ። ግን ሰኞ ጣራው ይነሣል። እምቢ ካሉ ተሸክመን እናወርዳቸዋለን» አለኝ። የደረጃውን መደገፊያ ነቅለውታል። እየታገለ ከተሸከሙት የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ልጄ፣ «ቁርጥ እናትሽን» ሲሉሽ ትናደጂ ነበር። እግርሽ ሥር ወድቄ ነው የምለምንሽ፤ ፈቃድ ጠይቀሽ እስከ እሑድ ድረሺልኝ። ጸጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪው። ከታች ቆመሽ አብሪለትና «ሰው ሁሉ ወጥቷል» በዪው። ይወርዳል። እኔ ውጭ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ደጋግ ሰዎችን ያጋጥምሽ። ስትመጪ ግን አደራሽን፣ እሱ ፊት «እማዬ» ብለሽ እንዳትጠሪኝ።

እናትሽ