ጦጣዎች በእኔ ላይ ስለሰጡት ምስክርነት

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ ለአቶ ይበልጣል

ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ላብም ያለ ሰዓቱ እንዳያጠምቅዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በችሎት የሀዲይሳና የአማርኛ አስተርጓሚ የነበርኩት ርብቃ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛ፤ በክርክር መካከል እሳት የመሰለ ሙቀት ከደረቴ ወደ ፊቴ ወጥቶ «ሞግዚት» የሚለው ቃል ሲጠፋብኝ በአካል ስለተገኙልኝ አመሰግናለሁ። «ልጆቹን እንዲያሳድግ የተሾመ ሰው» ብዬ አስረድቼ፣ ዳኛውም ተቀብለውኝ ክርክሩ ቢቀጥልም፣ እርስዎ በማግስቱ ስልክዎን ዘርግተው «እህቴ፣ ያረጠች ጦጣ የተደበቀ ፍሬ የት እንዳለ ትረሳለች፤ በጥናት ተረጋግጧል» ብለው ወደ ፎቶኮፒ ክፍል አዛወሩኝ። የሥራ አፈጻጸሜ በጦጣ እንደሚመዘን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስላስያዙኝ ፍርሃት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቁልፍ የት እንዳኖርኩ በጠፋኝ፣ ልጄን ሊዲያን በእህቷ ስም በጠራሁ ቁጥር «አበቃልኝ» እያልኩ አለቀስኩ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ «ጥናቱስ አለ፤ እርስዎ ግን ጦጣ አይደሉም። እንቅልፍ አጥተዋል፤ ለብዙዎች ይህ ያልፋል» አለችኝ። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ መተኛት ጀመርኩ፤ ቃላቱም ተመለሱ። የሐኪሟን ማስረጃ ባቀርብልዎትም ጦጣዎቹን አንብበው ስለደከመዎ ነው መሰል፣ ሳያዩት መለሱልኝ።

ሦስተኛ፤ በቦታዬ ስለተኩት ወጣት ስለ አጵሎስ ነው። ሀዲይሳን ከአያቱ ጋር በስልክ ሰላም ለመባባል ያህል ያውቃል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከጃጁራ የመጡ አንዲት እናት «መሬቴን አከራየሁት» ሲሉ «ሸጥኩት» ብሎ ተረጎመ። ቅጂ ላደርስ ገብቼ ሰማሁ። «ክቡር ዳኛ፣ እናታችን ሸጥኩ አላሉም» አልኩ። ዳኛው ደግመው ጠየቋቸው፤ ቃላቸውም ተስተካክሎ ተመዘገበ። አጵሎስ ከችሎት ሲወጣ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፤ እርስዎ ግን ችሎት አውከሻል ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። እናታችን መሬታቸው ሳይነካ ጃጁራ ገቡ፤ እኔም ማስጠንቀቂያዬን ይዤ ወደ ፎቶኮፒዬ ተመለስኩ።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ እንዲመልሱኝ እጠይቃለሁ። ልመና እንዳይመስልዎት ለበላይ አካል በግልባጭ አሳውቄያለሁ።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ መስኮትዎም ነፋስ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣
አክባሪዎ ርብቃ፣ ከሆሳዕና

ማስታወሻ፦ ጥናት ይወዳሉና ልጨምርልዎ፤ ወንዱም ጦጣ ሲያረጅ ይረሳል። መቼ እንደጀመረው ግን ማንም አይነግረውም፤ የሚቋረጥ የወር አበባ የለውማ።